ገጽ 57ን ከመሰረዛችሁ በፊት

ይድረስ ለእምነት ተቋማት የድራማና የፊልም ኮሚቴዎች፤

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። ተናድጄ የጻፍኩት ከሦስት ወር በፊት ነበር። ጓደኛዬ አነበበችውና «ይሄን ከላክኸው ትጸጸታለህ» አለችኝ። አጠፋሁት። ይሄ እንግዲህ ሁለተኛው ረቂቅ ነው። መከለስ ለምዶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ለአንድ የእምነት ተቋም የፊልም ጽሑፍ ጻፍን። ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብን። አሥራ አንድ ጊዜ ከለስነው። ፊልሙ አልተሠራም፤ የሚሠራም አይመስለኝም። የተቋሙን ስም አልጠራም። አንደኛ፣ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንደኛው የጀመሩ ሌሎች ሰዎችን ሳናግር ታሪካቸው የእኛው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። በቋንቋችን «ማመን» አንድ ቃል ነው። በፈጣሪ ማመንም፣ ጎረቤትን አምኖ የቤት ቁልፍ መስጠትም ያው ማመን ነው። እኛ ወደዚህ ሥራ የገባነው የመጀመሪያውን ይዘን ነው። ሁላችንም፣ እናንተም ጭምር። ሁለተኛውን ግን ማንም ይዞ አልመጣም። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው።

አጀማመራችን ቀላል ነበር። አንድ ቀን ከፕሮግራም በኋላ አንድ ታላቅ ሰው ጠሩኝና «አንተ መጻፍ ትሞክራለህ አሉ፤ እስቲ አንድ ፊልም ጻፍልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አላውቅበትም። ግጥም እጽፋለሁ። ለመድረክ የሚሆን አጫጭር ድራማም ሞክሬ አውቃለሁ። ፊልም ደግሞ ከዚህ ምን ይለያል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሦስተኛ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ «ልጅቷ በልጅነቷ የደረሰባትን ሁሉ እያስታወሰች ልቧ በሐዘን ተሞላ።» ካሜራ የሚሠራ አንድ ወዳጄ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ፤ ምኑን ልቅረጸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ልቧን መቅረጽ አይችልም። መቅረጽ የሚችለው እጇን ነው፤ ፊቷን፣ የምታየውን ነገር፣ የምትሄድበትን በር። የፊልም ጽሑፍ ላይ የሚታይና የሚሰማ ካልሆነ በቀር ሌላ ነገር የለም። ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ የት ነው፣ ቀን ነው ወይስ ማታ፣ ማን ምን ያደርጋል፣ ምን ይላል፤ በቃ። እኔ ግን ግማሹን ስብከት፣ ግማሹን ልብ ወለድ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

የገጹ ነገርማ ያስቃል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። የእኛ 140 ገጽ ስለሆነ «ሁለት ሰዓት ከሃያ» ብለን ደስ አለን። ያ ስሌት ግን ኩሪየር በሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በ12 መጠን፣ በተወሰነ ኅዳግ ለተተየበ ገጽ ነው። የአማርኛ ገጽ በሌላ ፊደልና በሌላ ስፋት ሲተየብ ስሌቱ አይሠራም። ጮክ ብለን ሰዓት ይዘን ስናነበው ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ገና መጨረሻው ሩቅ ነበር። ጀማሪ ካላችሁ ይህን ንገሩት። ገጽ አትቁጠር፣ አንብበውና ሰዓትህን ተመልከት በሉት።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት እሷ ናት።

ጓደኛዬ ነርስ ናት። አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተረኛ ነች። ለመጻፍ አልመጣችም። እኔ ነኝ የሆስፒታል ትዕይንት ስለነበረኝ «የመሣሪያዎቹን ስም ብቻ አርሚልኝ» ብዬ የሰጠኋት። ትዕይንቱ እናቷ እየሞተችባት ያለች ልጅ ታሪክ ነው። አባትየው የታወቀ ሰባኪ ነው። ልጅቷ በእናቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ አንድ ገጽ ተኩል ጸሎት ታደርሳለች። ጸሎቱን የጻፍኩት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

አነበበችው። የመሣሪያዎቹን ስም አረመች። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንዲህ የሚናገር ሰው ግን አይቼ አላውቅም» አለች።

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

ትንሽ አሰበች። «ቻርጀር ይጠይቃሉ።»

ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። ሰው ሊሞትበት ያለ ሰው ሲደወልለትም ሲደውልም ነው የሚያድረው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ አራት በመቶ ይላል። ወደ ተረኛዋ ይመጣል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤ «ይቅርታ፣ ቻርጀር ይኖርሻል?» ይላል። ስለ እናቱ አያነሳም። ጓደኛዬ «እኔ ግን ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። ለዚሁ ብላ ሁለት ቻርጀር በመሳቢያዋ ታስቀምጣለች።

ያን ቀን ማታ የእኔ አንድ ገጽ ተኩል ጸሎት ወጣ። በምትኩ የገባውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኋላ የተጣላነው በዚህ ነው። ልጅቷ በጉልበቷ ትሄዳለች። ከሩቅ ሲያዩዋት የምትጸልይ ነው የምትመስለው። ካሜራው ሲጠጋ አልጋው ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት እየፈለገች ነው። ሶኬቱን ታገኘዋለች፤ በሩ አጠገብ ነው። የቻርጀሩ ገመድ አጭር ነው። ስልኩን ከሰካች የእናቷን እጅ መያዝ አትችልም፤ እጇን ከያዘች ስልኩ ይጠፋል። ቆማ ሁለቱን ታያለች። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ ትጥለውና የእናቷን እጅ ትይዛለች። ስልኩ እየጠራ ይጠፋል። አባትየው ገብቶ ከጀርባዋ ይቆማል።

«ጸለይሽ?» ይላታል።

«ቻርጀር አለህ?» ትለዋለች። ዘወር አትልም።

ገጽ 57 ይሄ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን በሃያ ዓመትም አልጽፈውም ነበር። ጓደኛዬም ብቻዋን አትጽፈውም። እሷ ቻርጀሩን አመጣች። በጉልበቷ ስትሄድ የምትጸልይ እንድትመስል ያደረግሁት እኔ ነኝ። የአባትየውን ጥያቄ ማን እንዳመጣው ሁለታችንም አናስታውስም። አብሮ መጻፍ ማለት ለካ ይሄ የማናስታውሰው ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ጸሎቴን በሰላም አላስወጣሁም። መጀመሪያ ተከራከርኩ። ክርክሩ ሲያልቅብኝ «ይሄን እኮ ፈጣሪ ነው ያሳየኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ «እሱ ካሳየህ እኔ ምን እላለሁ? ልሂድ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እናንተም ዘንድ በየስብሰባው የምትሰማ አረፍተ ነገር ናት። «ፈጣሪ አሳየኝ» የሚል ሰው ዋሽቷል አልልም። እኔም አልዋሸሁም። ግን ያቺ ቃል በጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ስትወድቅ ጨዋታው ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቃወምህ ሰው አንተን አይደለም የሚቃወመው፤ ሌላ ወገን ሆኖ ይቆጠራል። ደካማ ትዕይንትህን ከትችት የምትደብቅበት መጋረጃ ትሆናለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? እኔ ጸሎቴን ነበር የደበቅሁት።

ስለዚህ ተስማማን። ከመጀመራችን በፊት አብረን እንጸልያለን። ከተቀመጥን በኋላ ግን ማንም ያቺን ቃል አያነሳም። «ይሄ ትዕይንት ይሠራል»፣ «አይሠራም»፣ «ይሄን ሰው አላመንኩትም»፣ «ይሄ ረዘመ» ብቻ ነው የሚባለው። እሷ ደግሞ በበኩሏ «ሆስፒታል እኮ አንተ አታውቅም» እያለች አፌን ማስዘጋት እንድትተው ተስማማን። የእሷም መጋረጃ እሱ ነበር።

ከዚያ ወደ እናንተ መጣን።

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰው ነበር። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ እስክሪብቶ። አስተያየቱ በስብሰባ ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ በድምፅ መልእክት ይመጣል። አንዱ የአባትየው ስብከት ይርዘም ይላል፤ ሌላው ሰባኪው ጭራሽ አይታይ ይላል። አንዷ መዝሙር ይግባበት አሉ። አንድ ሰው ቻርጀሩ ለስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ ይመስላል አሉ። (ስለዚህኛው እስካሁን እንስቃለን። በክፋት አይደለም።) አምስተኛውን ረቂቅ ለአንዱ አስተካክለን ስንመጣ ሌላው «ይሄን ማን ቀየረው?» ብለው ተቆጡ።

ጉዳት ያደረሱት ግን ሁለት አስተያየቶች ናቸው። አንደኛው፣ ልጅቷ እስከ ገጽ 40 ድረስ ንስሐ መግባት አለባት የሚል። ሁለተኛው፣ የማያምነው ሐኪም ለምን እንዲህ ጥሩ ሰው ሆነ የሚል።

በሐኪሙ ልጀምር። ጽሑፋችን ውስጥ የማያምን ሐኪም አለ። ለእናትየው ከሁሉም በላይ የሚደክመው እሱ ነው። «ይሄማ እምነት የሌለውን ማሞገስ ነው፤ ትንሽ ሻካራ አድርጉት» ተባልን። አደረግነው። ስድስተኛው ረቂቅ ላይ ሐኪሙ ሰው ያመናጭቃል፣ ያፌዛል፣ ሳቁ እንኳ ያስጠላል። አነበብነው። ሞቷል። ተመልካች ሞኝ አይደለም። የማያምነው ሰው አፍ ውስጥ የሞኝ ቃል ብቻ ካለ፣ ጨዋታው የተሸጠ መሆኑን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያውቃል። ከዚያ በኋላ አማኙ ቢያሸንፍ ማን ይገረማል?

የንስሐዋ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እኔ እዚህ ላይ መጽሐፉን ራሱን ነው የማነሳው። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ ነው። ኢዮብ ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ያማርራል፣ ይከራከራል። ወዳጆቹ ደግሞ አንድ በአንድ እየተነሱ ትክክለኛ የሚመስል ስብከት ይሰብኩታል። ፈጣሪ ለኢዮብ መልስ የሚሰጠው 38ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። በመጨረሻም 42፥7 ላይ የሚቆጣው ወዳጆቹን ነው፤ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ያ መጽሐፍ ለእኛ ኮሚቴ ቢቀርብ ኢዮብ ምዕራፍ አምስት ላይ ንስሐ ይግባ የሚባል ይመስለኛል። ልጅቷ እኮ ምንም አልተሳደበችም። ቻርጀር ነው የጠየቀችው።

እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ በፊት ሠርተው ያሳዩ ሰዎች አሉ። በሐሳብ ብቻ የምንከራከር እንዳይመስላችሁ የሁለቱን ታሪክ ልንገራችሁ።

ፖላንዳዊው ዳይሬክተር ክሽሽቶፍ ኪሽሎቭስኪ በ1982 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በአገሩ የጦር ሕግ ታውጆ ሰዎች በፖለቲካ ሲከሰሱ፣ ችሎቶቹን ሊቀርጽ ሲሄድ አንድ ጠበቃ ያገኛል። ጠበቃው ክሽሽቶፍ ፒየሼቪች ይባላል፤ ሞክሼዎች ናቸው። ፒየሼቪች ስክሪፕት ጽፎ አያውቅም። የሚያውቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ተከሳሽ እንዴት እንደሚቆም፣ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚል። አማኝ ካቶሊክ ነው። ኪሽሎቭስኪ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ራሱን ያራቀ ሰው ነበር። አብረው የጻፉት የመጀመሪያ ፊልም በ1985 ወጣ። ከዚያ ፒየሼቪች ስለ አሥርቱ ትእዛዛት አንድ ሰው ፊልም መሥራት አለበት አለ። ኪሽሎቭስኪ መጀመሪያ አልወደደውም። ኋላ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ለቴሌቪዥን አሥር ፊልም ሆኖ ወጣ፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ገደማ።

የመጀመሪያውን አንድ ቀን በኮሚቴ ሆናችሁ እዩት። አንድ አባት አለ፤ በሳይንስ የሚያምን መምህር። የሐይቁ በረዶ የልጁን ክብደት ይችል እንደሆነ በኮምፒውተር ያሰላል። ይችላል ይለዋል። ልጁ ሊጫወት ይሄዳል፤ በረዶው ይሰበርና ይሞታል። አባትየው በግንባታ ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ይገባና መሠዊያውን ይገፋዋል። ሻማዎቹ ይወድቃሉ። የቀለጠው ሰም የእመቤታችን ሥዕል ጉንጭ ላይ ይንጠባጠባል፤ እንባ ይመስላል። ማንም አይሰብክም። አባትየው አይጸልይም፤ ይገፋል። አማኙና ከእምነት የራቀው ተቀምጠው የጻፉት ትዕይንት ነው። አማኙ ብቻውን ቢጽፈው መሠዊያው አይወድቅም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሌላው ብቻውን ቢጽፈው ደግሞ ሰሙ እንባ ባልሆነ ነበር። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ግን እኔና ጓደኛዬ ገጽ 57 ላይ ያየነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ጃፓናዊ ነው። ሺኖቡ ሃሺሞቶ ወታደር ሆኖ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ይይዘውና ማገገሚያ ይገባል። አጠገቡ የተኛ ሕመምተኛ አንድ የፊልም መጽሔት ይሰጠዋል። ውስጡ ስክሪፕት አለ። አንብቦ «ይሄንንማ እኔም እችላለሁ» አለ፤ የሁላችንም አጀማመር። ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ የጃፓናዊውን ደራሲ የአኩታጋዋን አንድ አጭር ልብ ወለድ ወደ ፊልም ጽሑፍ ቀየረ። ጽሑፉ ዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ ጋ ደረሰ። አጠረ ተባለ። የዚያው ደራሲ ሌላ ታሪክ ተጨመረበትና በ1950 እ.ኤ.አ. «ራሾሞን» ሆነ። በ1951 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን፣ ወሰደ። ለሃሺሞቶ የመጀመሪያ የተቀረጸ ጽሑፉ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ዝናብ የተጠለለ አንድ ካህን አለ። ፊልሙን ሙሉ በሰው ላይ ያለው እምነት ሲናድ እናየዋለን። ማንም አይገሥጸውም፤ ቶሎ ተመለስ የሚለውም የለም። የሚመለስለትም መጨረሻ ላይ ነው፤ አንድ ድሃ እንጨት ቆራጭ የተጣለ ሕፃን ሲያነሳ አይቶ።

እነዚህ ሰዎች ኋላ ሦስት ሆነው ሲጽፉ የነበራቸው አሠራር ለእናንተ ይጠቅማል። ኩሮሳዋና ሃሺሞቶ አንዱን ትዕይንት ሁለቱም ለየራሳቸው ይጽፋሉ። ሦስተኛው ሂዴኦ ኦጉኒ በዕድሜ ታላቃቸው ነው። እሱ ብዙም አይጽፍም፤ ያነብባል፣ ይፈርዳል። ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይውጣ፣ እንደገና። አንድ ሰው። ዘጠኝ አይደለም። ታላቁም ዳይሬክተር ቢሆን በእሱ ፍርድ ይገዛል።

እናንተ ጋ ኦጉኒ የለም ማለቴ አይደለም። ዘጠኝ ኦጉኒ ነው ያለው።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ ልምጣ። ከዘጠነኛው ረቂቅ በኋላ የፖስተር ናሙና ታየ። «ጸሐፊ» የሚለው ቦታ ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ስም ነበር። እኛ ከታች፣ በትናንሽ ፊደል፣ «ተባባሪዎች» ሆነናል። ጠየቅን። «አገልግሎት ነው፤ ስም ምን ያደርጋል?» ተባልን። ስም ምንም የማያደርግ ከሆነ የእሳቸው ለምን ተጻፈ ብዬ አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠየቅሁ።

ግን ሳልደብቅ ልናገር። የፊተኛው ጥፋት የእኔ ነው። አራተኛው ረቂቅ ድረስ ሽፋኑ ላይ የእኔ ስም ብቻ ነበር። አስቤበት እንኳ አይደለም። ፋይሉን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ጓደኛዬ አንድ ቀን ከማታ ተራ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ያረመችውን ኮፒ መለሰችልኝ። ሽፋኑ ላይ ከስሜ ሥር በእርሳስ አንድ መስመር አስምራለች። ምንም አልጻፈችበትም። ባዶ መስመር ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ከኮሚቴው ጋር ስጣላ አላፈርኩም።

ሌላ ቦታ ይህን ነገር እንዴት እንዳከበሩት ተመልከቱ። በአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች ማኅበር ደንብ በሁለት ጸሐፊዎች ስም መካከል ጥምዟ የ«እና» ምልክት (&) ከገባች፣ ሁለቱ እንደ አንድ ቡድን አብረው ጻፉ ማለት ነው። «እና» የሚለው በቃል ከተጻፈ ደግሞ ለየብቻ ሠሩ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከልሶታል። በአንዲት ምልክት! ማን ከማን ጋር ተቀምጦ አደረ የሚለው ነገር ይህን ያህል ክብር አለው። እኛ ምልክቷን ነበር የምንፈልገው። ገንዘብ አልጠየቅንም።

ወረቀትም አልነበረንም። «በመካከላችን ውል ምን ያደርጋል፤ ወንድማማች አይደለን?» ተባለ፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ውል መጠየቅ አለማመን መሰለን። አሁን ሳስበው ተቃራኒው ነው። አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። ማን ጻፈ፣ ስሙ እንዴት ይወጣል፣ አስተያየት የሚሰጠው ማን ነው፣ የመጨረሻው ቃል የማን ነው፣ ፊልሙ ካልተሠራስ ጽሑፉ ለማን ይመለሳል። በፊልሙ ዓለም ፕሮዲውሰር ጽሑፍ የሚይዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ተኩል። ጊዜው ካለፈ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። የእኛው ግን የሆነ መሳቢያ ውስጥ ነው። የእኛ ይሁን የተቋሙ እንኳ አናውቅም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ጀማሪ ስትጠሩ ብቻውን አትጥሩት። አንድ የሚጽፍና አንድ ኑሮውን የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ፤ ነርስም ይሁን ሾፌር ወይም እስር ቤት የሚያገለግል። እምነታቸው ልክ አንድ ዓይነት ባይሆንም አትፍሩ። ከመካከላችሁ አንድ አንባቢ ምረጡና እሱ ብቻ ያናግራቸው፤ የሌሎቻችሁን አስተያየት እሱ ሰብስቦ፣ እርስ በርሱ የሚጋጨውን አስታርቆ ይምጣ። ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ፈርሙ። ትምህርተ ሃይማኖት የሚነካ ስሕተት ካለ እርሙ፤ ያ የእናንተ ድርሻ ነው፣ ማንም አይነካባችሁም። ልጅቷ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደምታለቅስ ግን ለጸሐፊዎቹ ተዉላቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ገጽ 57 ጮክ ተብሎ ተነበበ። ጓደኛዬ የልጅቷን፣ እኔ የአባትየውን አነበብን። «ቻርጀር አለህ?» ስትል አንድ ሁለት ሰው ሳቁ። ሰብሳቢው «ይሄ ይሰረዝ ተብሎ አልነበረም እንዴ?» አሉ። ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። በዓመት ከአራት ወር ውስጥ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። «እኔ ባለቤቴ ያረፈ ሌሊት መነጽሩን ስፈልግ ነው ያደርኩት» አሉ። «አልጋው ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ፣ ኪሱ ውስጥ። ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ እንኳ አልተውኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጓደኛዬ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና «እናመሰግናለን እናታችን፤ ወደ ገጽ 58 እንለፍ» አሉ።

አለፍን። እኔም ገጹን ገለጥኩ። ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡት የዚያ ኮሚቴ አባላት ከሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንዴ ወደ ገጽ 57 ተመለሱና እሳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። መነጽሩ ተገኝቶ እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን።

አክባሪያችሁ፣
ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ። (ሌላዋ ማታ ተረኛ ስለሆነች ጠዋት አንብባ አርማዋለች፤ ሁለት አንቀጽ አስወጥታብኛለች።)